የዓሣ ልጅ አይደለችም

ልጁ ነጩን የፕላስቲክ ሳህን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን ወደ ውሃው አስጠጋና «የዓሣ ልጅ ናት» አለ። ሳህኑ ውስጥ ያለችው ከትንሿ ጣቱ አትበልጥም። መልኳ እርጥብ አሸዋ ይመስላል፤ ጎንና ጎኗ ላይ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ነጠብጣብ ተረጭቶባታል። ሌላ ዓሣ ቢሆን ሳህኑን እየዞረ መውጫ ይፈልግ ነበር። እሷ ግን ሆዷን ከሳህኑ ወለል ጋር አጣብቃ፣ የደረት ክንፎቿን እንደ መዳፍ ዘርግታ ተኝታለች።

«ልጅ አይደለችም» አለችው አብራኝ የመጣችው ጓደኛዬ። «ትልቅ ሰው ናት። ከዚህ በላይ አታድግም።»

ልጁ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ እንደገና ወደ ሳህኑ። ዕድሜው አሥር ቢሆን ነው። ከዚህች ጅረት ውሃ ሲቀዳ፣ ሲታጠብ፣ ከብት ሲያጠጣ ያደገ ልጅ ነው፤ ይህችንም ዓሣ ስንት ጊዜ በእግሩ ሥር አልፏት ይሆናል። ታኅሣሥ ነበር፤ ክረምቱ ካለፈ ሦስት ወር ሆኖት ውሃው ጠርቷል። ከፋ ውስጥ፣ ከቦንጋ ወጣ ብሎ፣ ደን ካለበት ተራራ ተወርውራ ወደ ጎጀብ ወንዝ የምትወርድ ጅረት ናት። ጎጀብ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ።

የልጁ አባባል ያልገረመኝ እኔም በእሱ ዕድሜ ያንኑ እል ስለነበር ነው። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ዓሣ አላውቅም ቢል ማን ያምነዋል? ቆሮሶን በጎኑ ስፋት፣ አምባዛን በጢሙ፣ ነጭ ዓሣን በቅርፊቱ እንለይ ነበር። ነገደ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ሲመጡ ከሩቅ አይተን ወደ ዳር እንሮጣለን። ዓሣ ማለት ለእኛ ተጠብሶ የሚበላ፣ በወጥ የሚሠራ ነበር። ከጣት የሚያንሰው ሁሉ አንድ ስም ነበረው፤ የዓሣ ልጅ። ነገ የሚያድግ፣ ለዛሬ የማይረባ ማለት ነው።

ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ አንድ ነገር አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1902 ኤድዋርድ ዴገን የተባለ ሰብሳቢ ከአገራችን ያሰባሰባቸውን ዓሦች ለንደን ላለው የብሪታንያ ሙዚየም ያስረክባል። እዚያ ዓሣ የሚመረምረው ጆርጅ አልበርት ቡሌንዠር ነበር፤ ትውልዱ ቤልጅየም የሆነ፣ በሕይወት ዘመኑ ከ1,000 በላይ የዓሣ ዝርያዎችን ስም የሰጠ ሰው። ከስብስቡ መካከል አንዲት ትንሽ ዓሣ አገኘና ኔማኪለስ አቢሲኒከስ አላት። የተገኘችበት ቦታ ተብሎ የተጻፈው ባሕር ዳር ነው። የእኔ ባሕር ዳር። ሱሪዬን ሰብስቤ የቆምኩበት፣ «የዓሣ ልጅ» እያልኩ ያለፍኩት ውሃ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቁጭትም ደስታም ነበረው፤ የትኛው እንደሚበልጥ ዛሬም መለየት ያቅተኛል።

ኔማ በግሪክ ክር ነው፤ ኬይሎስ ደግሞ ከንፈር። ክር ከንፈር ማለት ነው። ስሙ ከአፏ ዙሪያ ከተንጠለጠሉት ስድስት ቀጫጭን ጢሞች የመጣ ነው፤ አራቱ ከአፍንጫዋ በታች፣ ሁለቱ ከአፏ ማዕዘን። ወገኑን ፈረንጆቹ ሎች ይሉታል። በአማርኛ «ክር ከንፈር» ብንላት አይከብድም፤ እኔ ከዚህ በኋላ እንደዚያ እላታለሁ።

እንቅልፍ ያሳጣኝ ግን ስሟ ሳይሆን አገሯ ነው። የክር ከንፈር ወገኖች አገር እስያ ነው። ከቱርክና ከሶርያ ጀምሮ በኢራን፣ በሕንድ፣ በቻይናና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ተራሮች በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች አሏቸው፤ ወደ አውሮፓም ዘልቀዋል። አፍሪካ ውስጥ ግን በሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ሞሮኮ ውስጥ፣ የሌላ ቤተሰብ ሎች አለ፤ ከዚያ ወዲህ ሰሃራን አቋርጦ፣ ኮንጎን ይዞ እስከ ኬፕ ድረስ ምንም የለም። ከኢትዮጵያ በቀር። እዚህ፣ በአባይና በኦሞ ምንጮች አካባቢ፣ ከዘመዶቿ በቀይ ባሕርና በአረብ በረሃ ተቆርጣ ክር ከንፈር ትኖራለች።

ይህች ዓሣ ጨው ውሃ አትሻገርም። እንቁላሏን ወፍ ተሸክሞ አመጣው እንዳንል መንገዱ ሩቅ ነው። የቀረው አንድ መንገድ ወንዝ ነው። ዛሬ በረሃና ባሕር የሆነው ቦታ አንድ ጊዜ ወንዝ ከወንዝ የሚቀባበልበት ምድር ነበር ማለት ነው። የቀይ ባሕር መሰንጠቅ የጀመረው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ ጂኦሎጂ ያስተምራል፤ ከዚያ በፊት አፍሪካና አረቢያ አንድ ምድር ነበሩ። የክር ከንፈር አያቶች የመጡት ከመሰንጠቁ በፊት ይሁን በኋላ፣ በየትኛው ሸለቆ ይሁን፣ ለማሰብ እንኳ ጭንቅላት ያዞራል። እኛ ስለ ቀይ ባሕር መሻገር የምንተርካቸው ታሪኮች ብዙ ናቸው፤ በሺህ ዓመታት የሚቆጠሩ። የዚህች ዓሣ መሻገር ግን ከሁሉም በፊት ነው፤ ማስረጃውም መጽሐፍ ውስጥ ሳይሆን ድንጋይ ሥር ተኝቷል።

ለረጅም ጊዜ የምትታወቀው በዚያች በለንደኗ ናሙና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢትዮጵያና የሩሲያ ተመራማሪዎች በጋራ በሚያካሂዱት የሥነ ሕይወት ጥናት በኦሞ ተፋሰስም እንደምትኖር ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሌክሳንደር ጎሉብትሶቭና አርቴም ፕሮኮፊዬቭ ከእስያዎቹ ለይተው አፍሮኔማኪለስ የሚል የራሷን ወገን አወጡላት፤ የአፍሪካ ክር ከንፈር እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ እነዚሁ ሁለቱ የኦሞዋ ከጣናዋ የተለየች ዝርያ መሆኗን ጻፉና ስም ሰጧት። ስሟን ለጊዜው ላቆየው።

ጓደኛዬ ዓሣ ታጠናለች፤ ታስተምራለችም። ለዓመታት «አንድ ቀን ውሰጂኝ» ስላት ቆይቼ ነው ይህን ጉዞ ያገኘሁት። ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነስተን፣ ወሊሶን በጭጋግ፣ ወልቂጤን በቁርስ አለፍን። ጊቤ በረሃ ስንወርድ የመኪናው መስኮት ሁሉ ተከፈተ፤ ድልድዩን ተሻግረን ስንወጣ ተመልሶ ተዘጋ። ጅማ አደርን። በማግስቱ ወደ ቦንጋ ስንጓዝ በየቤቱ ደጃፍ ጀንፈል ቡና ተሰጥቷል፤ በየማጠቢያው ጣቢያ ደግሞ ማድረቂያ አልጋዎቹ ተደርድረው፣ ሴቶች ቆመው የታጠበውን ቡና ያገላብጣሉ። ጎጀብ ድልድይ ላይ ቆም ብለን ውሃውን አየን። ቡናማ፣ ሰፊ፣ ዝምተኛ ነው። «እዚህ አይደለም» አለች ጓደኛዬ፤ «ወደ ላይ፣ የሚጮኸው ውሃ ጋ።»

የሚጮኸው ውሃ ጋ ስንደርስ መጀመሪያ ያደረገችው መረብ ማውጣት አልነበረም። «እጅህን አስገባ» አለችኝ። አስገባሁ። ውሃው ክንዴን እንደ ገመድ ጎተተው። «አሁን መዳፍህን ከድንጋዩ ጋር አጣብቅና ጣቶችህን ብቻ አንቀሳቅስ።» ድንጋዩን ነክቼ ጣቶቼን ሳንቀሳቅስ ከላይ የሚያስገመግመው ውሃ እዚያ ቀጭን ንብርብር ሆኖ ሊቆም ምንም አልቀረው። ወንዝ ከላይ ሲታይ አንድ ነው፤ ለካ ከሥሩ ፎቅ አለው። ምድር ቤቱ ላይ፣ ድንጋይና ውሃ በሚተሻሹበት የጣት ውፍረት በማታክል ቦታ፣ ነፋስ ያልገባበት ጓሮ የመሰለ ጸጥታ አለ። ክር ከንፈር የምትኖረው እዚያ ነው።

አብረዋት የሚኖሩትም እዚያው ናቸው፤ ግን እያንዳንዱ በየራሱ ዘዴ። ጋራ የሚባለው ዓሣ (ከተራራው ጋራ የሚያገናኘው የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው) አገጩ ሥር ድንጋይ የሚይዝበት ንጣፍ አለው። ኪሎግላኒስ የሚባለው ትንሽ የአምባዛ ዘመድ ከንፈሩ ክብ ሆኖ እንደ ዋግምት ይጣበቃል። የእስያ ተራሮች ላይ ያሉ አንዳንድ የሎች ዘመዶች ደግሞ ክንፎቻቸው ተገጣጥመው መላ ሆዳቸው መጣበቂያ ሆኗል፤ በታይላንድ ዋሻ ውስጥ የሚኖር አንድ ዓይነ ስውር ዘመድ እንዲያውም ፏፏቴ ላይ በክንፎቹ እየተራመደ ይወጣል። የእኛዋ ክር ከንፈር ከዚህ ሁሉ ምንም የላት። አትጣበቅም፣ አትነክስም፣ አትራመድም። ያላት ዝቅ ማለት ነው። ሰውነቷ ቀጭን ነው፤ ሁለት ጠጠር መካከል ያለ ክፍተት ለእሷ ቤት ነው።

ሌላው ምሥጢር ከውስጧ ነው። አብዛኛው ዓሣ ሆዱ ውስጥ አየር የተሞላ ከረጢት አለው፤ በእሱ ይንሳፈፋል። የሎች ወገን ከረጢቱ አንሷል፤ የፊተኛው ክፍል በአጥንት ሣጥን ተዘግቷል፤ የኋለኛው ከስሟል። ስለዚህ መዋኘቷን ስታቆም እንደ ጠጠር ትሰምጣለች። ለሐይቅ ዓሣ ጉዳት የሚሆነው ለእሷ መልሕቅ ነው። አውሮፓ ውስጥ ያለ አንድ ዘመዷ የአየር ግፊት ሲለወጥ ስለሚቅበጠበጥ ሰዎች በማሰሮ እያኖሩ ማዕበል ሊመጣ መሆኑን ያውቁበት ነበር። ይህን ስሰማ በአጥንት ሣጥን ውስጥ ያለችው ያቺ ትንሽ አየር ጆሮ መሰለችኝ፤ ወንዙ ከላይ ሲከብድና ሲቀል ከድንጋይ ሥር ሆኖ የሚያዳምጥ ጆሮ።

ጓደኛዬ መረቡን ከታች ዘረጋች። እኔ ከላይ ሆኜ ድንጋይ እንዳነሳ ታዘዝኩ፤ ሕጉንም ቀድማ ነገረችኝ። ያነሳኸውን ድንጋይ ወደ ነበረበት ትመልሳለህ፤ በነበረበት ፊቱ፤ ላዩ ላይ፣ ሥሩ ሥር። ድንጋይ ተገልብጦ ከቀረ ጥላ የለመደው ወገን በፀሐይ ይቃጠላል፤ ፀሐይ የለመደው አረንጓዴ ልምላሜ ታፍኖ ይሞታል። የመጀመሪያውን ድንጋይ አንስቼ ሥሩን ሳይ ሕጉ ገባኝ። ከተማ ነው። አሸዋ እየሰፋ ቤት የሚሠራ እጭ፣ ሦስት ጭራ ያለው እጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ የሚሳብ፣ የሚንጠለጠል። ፈጣኑ ውሃ የሚመታው ፊት ላይ ደግሞ የጥቁር ዝንብ እጮች እንደ ማሽላ ፍሬ ተለጥፈዋል። ያች ዝንብ በዚህ አገር በደንብ ትታወቃለች፤ ሰውን ነክሳ ዓይን የሚያሳውረውን በሽታ የምታስተላልፈው እሷ ናት፤ የጎጀብ ሸለቆ ሕዝብ ሜክቲዛን የሚባለውን መድኃኒት ሲውጥ የኖረው በእሷ ምክንያት ነው። የሎች ወገን ቀለብ እንዲህ ያሉ የጅረት እጮች ናቸው፤ ሌሊት ሌሊት በስድስቱ ጢሞቻቸው ጠጠሩን እየዳሰሱ ይለቅሟቸዋል።

ሦስት ጋራዎች ወጡ። ከዚያ ምንም። ከዚያ ሌላ ጋራ። ውሃው እግሬን አደንዝዞታል። ከስንተኛው ድንጋይ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም፤ መረቡ ውስጥ የዛፍ ቅጠል ሥር አንድ ነገር ተፈናጠረ፤ ጓደኛዬም ድምፅ አላወጣችም። ሳህኑን ብቻ ዘረጋች። ልጁ ይህን ጊዜ ነው ከብቶቹን ትቶ የወረደው።

ትንሽ ቆይቶ አንድ አባት መጡ፤ ከብቶቹ ማሳ እንዳይገቡ ሰግተው ነው። ሰላምታ ሰጠን፤ ሳህኑን አሳየናቸው። አይተው ፈገግ አሉ። «ይህችማ ድሮ ከትልልቁ ጋር አብራ ትንሳፈፍ ነበር» አሉ። «ብርብራ ስናደርግ።»

«አባባ፣ እዚህም ብርብራ ታደርጉ ነበር?»

«እንዴታ! ፍሬውን እንወቅጣለን፣ ውሃ ውስጥ እንበትናለን። ዓሣው ይሰክራል። ትልቁን እንለቅማለን። ይህችን ማን ይለቅማታል? ውሃው ይወስዳታል።»

ብርብራ ከኋላችን ቆሞ ነበር፤ ቡናውን የሚያጠላው ዛፍ ነው። ዘሩ ውስጥ ያለው መርዝ ሮቴኖን ከሚባለው ወገን ነው፤ ዓሣ በስንጥቡ የሳበውን አየር ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያግዳል። ሰው ላይ እንደዚያ ስለማይበረታ የሰከረውን ዓሣ መብላት ይቻላል። አያቶቻችን ይህን ያለ ላቦራቶሪ ማወቃቸው ያስደንቀኛል። አባት እንዳሉት ግን ብርብራ ትልቅና ትንሽ አይለይም። ወደ ቤት የሚሄደው ጥቂት ነው፤ ውሃው የሚወስደው ግን ተቆጥሮ አያውቅም።

ተመራማሪው አክሊሉ ለማ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። በእንዶድ ልብስ ታጥቦበት የማያውቅ ወንዝ የለንም፤ ከእጥቢያው ቦታ ዝቅ ብሎ ጎንበስ ያለ ሰው ግን እሱ ነበር። ያ ጎንበስ ማለት የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ለመዋጋት መንገድ ከፈተ። እኔ በዚያች ጅረት ቆሜ የማስበው ያን ጎንበስ ማለት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ታች ወረድን። ጅረቷን ተከትለን ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን ሽታው ቀድሞ ደረሰ፤ የኮመጠጠ፣ የበሰበሰ ፍሬ ሽታ። ከመንገዱ በላይ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ። ቀይ እሸት ቡና እየገባ ይፈለፈላል፤ ፍሬው ይቦካል፣ ይታጠባል፤ ልጣጩና የታጠበበት ውሃ ግን በቦይ ወደ ጅረቷ ይወርዳል። ያ ውሃ ስኳር ነው። ስኳሩን ሊበላ የሚባዛው ባክቴሪያ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ላይ ጠዋት ያየናት የምትጮህ ንጹሕ ጅረት እዚህ ጥቁር ሆናለች፤ ድንጋዮቹ ላይ ግራጫ ዝልግልግ ነገር እንደ ጸጉር ይወዛወዛል። ጓደኛዬ አንድ ድንጋይ አነሳች። ከተማው የለም። አየር በሌለበት መኖር የሚችሉ ቀያይ ትላትሎች ብቻ ጭቃው ውስጥ ይፍተለተላሉ። ድንጋዩን ግን እንደ ነበረ መለሰችው።

ተናደድኩ። የተናደድኩት ቅርጫቱን ተሸክሞ በሚመጣው ገበሬ አይደለም፤ የዓመት ልፋቱን በኪሎ የሚሸጥ ሰው ነው። ቡናውን ስታገላብጥ በምትውለው ሴትም አይደለም። የተናደድኩት ይህ ሊቀር የሚችል ነገር ስለሆነ ነው። ውሃው በጉድጓድ ተይዞ እንዲጠል ማድረግ፣ ቬቲቨር ሣር በተተከለበት ረግረግ አሳልፎ ማጣራት፣ ብዙ ውሃ የማይፈልግ መፈልፈያ መጠቀም፤ ሁሉም የታወቁና እዚሁ አገር የተሞከሩ ናቸው። ያላደረገ ሰው ያልቻለ ሳይሆን ወደ ታች ያላየ ሰው ነው። ከፋ ጫካ ቡና አሁንም በዱር የሚበቅልበት ምድር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቦታል። የዓለም ሰው ስለ ደኑ ያውቃል። ደኑ ሥር ስለምትሮጠው ውሃ ግን ደኑን የሚወደው ሰው እንኳ እምብዛም አያስብም።

ክር ከንፈር ደግሞ የምትሸሽበት የላትም። ሐይቅ ዓሣ ቢሆን ወደ ጥልቁ ይሄዳል። የጣና ነጭ ዓሣዎች በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወጥተው እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ፤ ክንፋቸው ሩቅ ያደርሳቸዋል። እሷ የምትንሳፈፍበት ከረጢት እንኳ የላትም። ከላይ ፏፏቴ፣ ከታች የሞተ ውሃ፣ መካከል ያሉት ጥቂት መቶ ሜትር ድንጋዮች ዓለሟ ናቸው። በሚሊዮን ዓመታት በሚቆጠር መንገድ የመጣች ፍጥረት የሁለት ወር የቡና ወቅት ልታልፍ ይገባታል።

ሊመሽ ሲል ወደ ላይ ተመለስን፤ ሳህኑ ልጁ ጋ ነበር። አላፈሰሰውም፤ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ፣ ውሃውን ሁለቴ ቀይሮ፣ ቅጠል አልብሶ ጠብቆናል። ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ገብቶ ሳህኑን ቀስ አድርጎ አዘነበለ። ክር ከንፈር ለአፍታ ክንፎቿን ዘርግታ ቆመች፤ ከዚያ በቦታዋ አልነበረችም። ስትሄድ አላየናትም።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ስሟ ማን ነው?»

ለጊዜው ያቆየሁት ስም ይኸው ነው። አፍሮኔማኪለስ ካፋ። «የእናንተ አገር ስም ነው» አልኩት። «የዓለም መጽሐፍ ላይ ካፋ ተብላ ነው የተጻፈችው።»

መልስ አልሰጠኝም። ጠዋት እኔ አንስቼ በትክክል ያልመለስኩት አንድ ድንጋይ ነበር፤ እርጥብ ሆዱ ወደ ሰማይ ተገልብጦ ደርቋል። ልጁ ጎንበስ አለና በሁለት እጁ አንስቶ ገለበጠው፤ ጎድጎዳው ውስጥ እስኪገጥም ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰው። ከዚያ ወደ ሽቅብ እየሮጠ፣ ከላይ ከብት ወደሚመልሱት ጓደኞቹ በካፊ ኖኖ ተጣራ። ቋንቋውን አልሰማም። በረጅሙ ከጮኸው ሁሉ የለየሁት አንድ ቃል ነው፤ ደጋግሞ ያለው፣ ካፋ።